የጎራዮን በር የሚመታው ሰው

ሂርሲ ቡራሌ ጠዋት ጠዋት ሻይ ከመቅመሱ በፊት ከቤቱ ይወጣና ግቢው ውስጥ የቆመውን አሮጌ የጦር ካሚዮን በር በመዳፉ ሦስት ጊዜ ይመታል። ዷ! ዷ! ዷ! ከዚያ ጉልበቱን ተደግፎ ጎንበስ ይልና «ተነሱ! ከሥር ያላችሁ ተነሱ!» ይላል። ከሥር ያሉት ፍየሎች ናቸው፤ አንዳንዴም የጎረቤት ድመት። የካሚዮኑ ሞተር ከተነቀለ ዘመን አልፎታል። ጎማ እንኳ የለውም፤ በርሜል ላይ ተቀምጧል። ፍየሎቹ ቢነሱም ባይነሱም የሚመጣባቸው ነገር የለም። ይህን እነሱም ስለሚያውቁ ጆሯቸውን አወዛውዘው መልሰው ይተኛሉ።

የሰፈሩ ልጆች «ሂርሲ ዷዷ» ይሉታል። በእኛ አገር ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ አንካሳው አንካሳ፣ ገጣጣው ገጣጣ ተብሎ ይጠራል፣ እሱም ስቆ «አቤት» ይላል። ይህን ስም ግን ትልልቆቹ ከአፋቸው አያወጡትም። ልጆቹ ሲጠሩት ከሰሙም ጠጠር ያነሱባቸዋል። ምክንያቱን ያውቁታል።

ካሚዮኑ ጎራዮ ይባላል፤ ሰጎን እንደማለት ነው። እግሩ ረዥም፣ ጀርባው ሰፊ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ጦርነቱ አልቆ የመንግሥት ሠራዊት ሲበተን፣ ከቡርዖ ከተማ ወጣ ብሎ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ደፍቶ ተገኘ። የሂርሲ ጎሳ ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጡት፣ ወታደር ይጫንበት በነበረው ጀርባው ላይ የብረት የውሃ ታንከር አሰሩበትና ሾፌር ፈለጉ። ሂርሲ ከበርበራ ወደብ ጀምሮ የጭነት መኪና ሲነዳ ያደገ ሰው ነው። «ይኸው፣ እንደ ልጅህ ያዘው» አሉት። ካሚዮኑ የማንም አልነበረም፤ የሁሉም ነበር። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ አዛዡ ይበዛል እንጂ አሳቢ የለውም። ከአዛዦቹ ሁሉ በላይ የሂርሲ አባት ወንድም ሐጂ ዲሪዬ ነበሩ፤ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ሰው የሚያስደነግጡ ሽማግሌ።

ጉ የሚባለው የበልግ ዝናብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀረ። በሐውድ ሜዳ ላይ ውሃ የሚጠራቀምባቸው የሲሚንቶ ጉድጓዶች ተሰነጣጥቀው የእንሽላሊት ቤት ሆኑ። ጎራዮ ከቡርዖ ውሃ እየሞላ ኣሮ-መዶ ወደሚባለው መንደር ይመላለስ ጀመር። የመንደሩ ሰዎችና ከድርቁ የተረፉት ግመሎች ነፍሳቸው በዚያ በአንድ ካሚዮን ላይ ተንጠለጠለች። ሂርሲ በመንገድ ላይ ሞተሩ ትንሽ ድምፅ በለወጠ ቁጥር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያዳምጥ ነበር።

በዚያ ክፉ ሰዓት የጎራዮ ሞተሪኖ ተቃጠለ። ዋናውን ሞተር ቀስቅሶ የሚያስነሳው ያ ትንሽ ሞተር ከሌለ የቀረው ሁሉ የብረት ክምር ነው። ጥገናው የካሂን ሥራ ነበር። ካሂን የሂርሲ ሚስት የዳሐቦ ወንድም ነው፤ ከሌላ ጎሳ፣ ከሂርሲ ጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ ሌላው ሰው መቁጠሪያ እንደሚይዝ እሱ መዶሻ የሚይዝ፣ ቀልዱ የማያልቅበት መካኒክ። የቡርዖን ገበያ አገላብጦ አንድ ሞተሪኖ ይዞ መጣና ሂርሲ እግር ሥር ጣለው።

«እየው ሴዲ» አለ፤ አማች ለአማች እንዲህ ነው የሚጠራራው። «የቡሎን ቀዳዳው አንድ፣ ጥርሱ አንድ፣ ቁመቱ አንድ። ከአንድ ማኅፀን ነው የወጡት።»

ሂርሲ ዘይቱን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ላዩ ላይ የተመታችውን ቆርቆሮ አየ። «ቁጥሩስ?»

«እሱ ነው የሚለየው።»

«እኮ ምን ይላል?»

«አሥራ ሁለት ቮልት ይላል። ማን ያነበዋል? ጎራዮ እንደሆነ መሃይም ነው።»

ሂርሲ አልሳቀም። ጎራዮ የጦር መኪና ነው፤ ሁለት ባትሪ ተያይዘውለት በሃያ አራት ቮልት ነው የሚሠራው። «ግማሽ የለመደን ሙሉ ስትግተው ምን ይሆናል?»

«ያብዳል» አለ ካሂን። «ግን አብዶም ያስነሳል። አንተ ቁልፉን ነካ አድርገህ ትለቃለህ። አትቆይበት እንጂ ምንም አይልህም።»

መጀመሪያ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሞከሩት። የጎራዮ ሞተር ትልቅ ነው፤ ኧኧኧ ብሎ ግማሽ ዙር ዞረና ባትሪው ሞተ። ሐጂ ዲሪዬ ብትራቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩ ነበር።

«ይነሳል ወይስ አይነሳም?» አሉ።

«በሁለቱ ባትሪ ይነሳል አዴር» አለ ሂርሲ፤ አዴር የአባት ወንድም መጠሪያ ነው። «ግን ትክክለኛው አይደለም። የሃያ አራቱን ከጅቡቲ ብናስመጣ ይሻላል።»

«ጅቡቲ ደርሶ እስኪመጣ ግመሎቹ ምን ይጠጡ? ያንተን ምራቅ?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሁለቱንም ባትሪ አሰሩለት። ሂርሲ ቁልፉን ነካ ሲያደርገው ሞተሪኖው ጮኸ። እንደ ወትሮው ግር ግር ማለት አይደለም፤ አንገቱ የተያዘ ፍየል ጩኸት ነው። ጎራዮ በርግጎ ተነሳ። ሰዉ አጨበጨበ፣ ሐጂው አላህን አመሰገኑ፣ ካሂን መዶሻውን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበ። ሂርሲ ግን አንድ ነገር ሸተተው፤ ከኮፈኑ ሥር የመጣ የተቃጠለ ነገር ሽታ። ኣሮ-መዶ እስኪደርስ ከአፍንጫው አልወጣም።

ዳሐቦም ሸተታት። የባሏንና የወንድሟን ሽርጥ ስታጥብ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ምን እያቃጠላችሁ ነው የምትውሉት?» አለች። ሂርሲ ነገራት። ደብቆ አያውቅም ነበር፤ ያኔ። ዳሐቦ ልብሱን አስቀምጣ አየችው። አባቷንና ሁለት ወንድሞቿን ጦርነቱ ወስዷቸዋል፤ ለእናቷ የቀረው ካሂን ብቻ ነው።

«የእናቴ ቤት የቆመው በአንድ ምሰሶ ነው» አለችው። «እሱ ከዚያ ብረት ሥር ሲገባ ዓይንህን ከእሱ እንዳትነቅል። ማልልኝ።»

«ወላሂ።»

«እየሳቅክ አይደለም?»

«ወላሂ አልሳቅኩም» አለ ሂርሲ፤ እውነቱን ነበር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ መፈታቱ አይቀርም። ጥቂት ምልልስ እንዳደረጉ አንድ ቀን ቡርዖ ጉድጓዱ አጠገብ ሂርሲ ቁልፉን ቢመልስም ሞተሪኖው አልመለስ አለ። ቁልፉን ነቅሎ እጁ ውስጥ ይዞት እያለ ጩኸቱ ይቀጥላል። ውሃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶች ባልዲያቸውን ጥለው ሸሹ። ካሂን ተወርውሮ ከሥር ገባና በመዶሻ አናቱን ሲለው ጸጥ አለ።

«አህያ ነው!» አለ ካሂን ከሥር እየወጣ። «ካልመቱት አይገባውም።»

ሁሉም ሳቀ። ኃይሉ ሲበዛበት ውስጥ ያለው መዳብ ቀልጦ ይጣበቃል፤ አንዴ ከተጣበቀ ቁልፉን ብትመልስም፣ ብትነቅልም፣ ብትውጠውም እሱ አይሰማህም። ጎራዮ ያን ጊዜ ዜሮ ማርሽ ላይ ስለነበር ባለበት ቆሞ ጮኸ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ማርሽ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግን ሾፌርም ሳይኖረው ይሄድ ነበር። ሂርሲ ይህን ያሰበው ከሳቁ በኋላ ነው፤ ካሰበው ወዲያ ደግሞ መሳቅ አቃተው። የጎራዮ እጅ ፍሬን ከሠራዊቱ ጋር ነው የሄደው። ዳገት ላይ ሲቆም ማርሽ አስገብቶ ከኋላ ጎማው ድንጋይ ከማድረግ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሂርሲ በቆመ ቁጥር የባትሪውን ወፍራም ገመድ ይነቅላል። እንዳይጠፋበት ብሎ አንገቱ ላይ ይጠመጥመዋል። በዚህ ያልቀለደ አልነበረም።

«ወርያ ሂርሲ! ክታብህን የት ነው ያስጻፍከው?»

«ሚስቱ ናት ያሰረችው፤ እንዳይጠፋባት!»

ሂርሲ ገመዱን አይፈታም። ገመዱ አንገቱ ላይ ሲሆን ብቻ ነበር ሻይ በሰላም የሚጠጣው።

በሐውድ ዛፍ ብርቅ ነው። ካሚዮን ከቆመ ጥላው የመንገደኛ ሁሉ ነው፤ ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ሾፌር ቁልፍ ከማዞሩ በፊት በሩን በመዳፉ ሦስት ጊዜ መትቶ «ተነሱ!» ማለት አለበት። ይህ ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው ያጸኑት የጎሳ ሕግ ነው። ሾፌሩ አንኳኩቶ የተኛው ካልተነሳ፣ ደሙ በራሱ በተኛው ላይ ነው። ሳያንኳኳ ቀርቶ ሰው ከሞተ ግን የሾፌሩ ጎሳ ለሟች ጎሳ መቶ ግመል ይከፍላል። ሂርሲ በሾፌርነት ዘመኑ ሁሉ ሳያንኳኳ ቁልፍ አዙሮ አያውቅም።

ያን ቀን ዳሐቦም አብራቸው ነበረች፤ ኣሮ-መዶ ያለች እናቷን ልትጠይቅ። ሐጂ ዲሪዬና ሁለት ግመል አርቢዎችም ተሳፍረዋል። ካሂን ታንከሩ ላይ ተቀምጦ ቀይ ኩታውን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ ይዘፍናል። ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሐጂው ናፍጣ ይቆጠብ ስላሉ ግን የናፍጣው ጋን ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኩለ ቀን ላይ ድንጋያማውን ዳገት ሲጀምሩ ጎራዮ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። የናፍጣው መስመር አየር ስቧል።

ሂርሲ ማርሽ አስገባ፣ አንዱ አርቢ ወርዶ ከኋላ ጎማው ድንጋይ አደረገ። ካሂን ከታንከሩ ዘሎ ወረደና ካመጡት ጀሪካን ናፍጣ ጨመረ፣ አየሩንም አስወጣ። ሂርሲ ማርሹን አውጥቶ እግሩን ፍሬን ላይ አቆመ፣ በሩን በመዳፉ ሦስት ጊዜ መታ፣ «ተነሱ!» አለ፤ ከሥር ማንም አልነበረም፤ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሪኖው ጮኸ። ጎራዮ ሊነሳ አለና ተወው። ሂርሲ ሊለቅ ሲል ሐጂው ከጎኑ ሆነው «ጨምር!» አሉ። «ሊነሳ ነው፣ ጨምር!»

«አዴር፣ አይወድም...»

«ጨምር አልኩህ!»

ጨመረ። ከኮፈኑ ሥር ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ቁልፉን ሲመልሰው ጩኸቱ ቀጠለ። ሂርሲ ፍሬኑን ለሐጂው ትቶ ዘሎ ወርዶ ገመዱን ከባትሪው መነጨቀው። ጸጥታው ከጩኸቱ የባሰ ነበር። ወዲያው ተመልሶ ማርሹን አስገባ፤ ያ ሁሉ ውሃ የተሸከመ መኪና በአንድ ድንጋይ አይታመንም።

ካሂን ከሥር ገባ። ሂርሲ እንደማለው ዓይኑን ሳይነቅል ቆመ። ወዲያው «ወይኔ!» የሚል ድምፅ መጣና ካሂን ጣቶቹን እየላሰ ወጣ። «እሳት ነው! አይነካም። ይብረድ፣ ከዚያ አናቱን እለዋለሁ።»

ራቅ ብሎ አንድ የግራር ዛፍ ነበር። ሐጂውና አርቢዎቹ ወደዚያ ሄዱ፤ ካሂንም ተከተላቸውና ቀይ ኩታውን እሾሁ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ጋደም አለ። ዳሐቦ ጋቢናው ውስጥ ወንበሩ ላይ ተጋደመች። ሂርሲ ብቻ ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንዴ ጎራዮን ያያል፣ አንዴ ቀዩን ኩታ ያያል። ኩታው እዚያ እስካለ ካሂን እዚያ ነው ብሎ ልቡ አረፈ። ልቡ ባያርፍ ይሻል ነበር።

የሶላት ሰዓት ሲደርስ ተነስቶ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። ጀርባውን ለጎራዮ ሰጠ። እሱ ግንባሩን መሬት ላይ ሲያደርግ ካሂን ከዛፉ ሥር ተነሳ፤ ሞተሪኖው በርዶ እንደሆነ ሊያይ ነው፤ ሥራ ላይ ሰነፍ አልነበረም። ኩታውን እሾሁ ላይ እንደተወው በባዶ ራሱ መጥቶ በማዶ በኩል ከካሚዮኑ ሥር ገባ። ብረቱ ገና ይፋጃል። እስኪበርድ ብሎ እዚያው በጥላው ጋደም አለ፤ መዶሻው እጁ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ይህን ሁሉ ያወቁት በኋላ፣ ከዱካው ነው።

ሂርሲ ሶላቱን ጨርሶ ዞር ሲል ቀዩ ኩታ እሾሁ ላይ ነው። ሐጂው ከእንቅልፋቸው ነቅተው ከዛፉ ሥር ጮኹ።

«ሂርሲ! ፀሐይዋ ዘቀዘቀች! ሰዎቹ ባዶ ባልዲ ይዘው ነው የሚጠብቁን!»

ሂርሲ ወደ ጎራዮ ሄደ። በልቡ ያሰበው ይህን ነበር፤ መጀመሪያ ገመዱን አስራለሁ፣ ከዚያ ካሂንን ጠርቼ አስመታዋለሁ፣ ከዚያ ማርሹን አውጥቼ በሩን መትቼ ቁልፉን አዞራለሁ። ማንኳኳት የቁልፍ ነው። ከአባቱ ዘመን ሾፌሮች የተማረው እንዲህ ነው፤ ገመድ ለማሰር ብሎ በር የሚመታ ሾፌር በሐውድ ታይቶ አይታወቅም። ቁልፉ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የፈራውን ነገር በዚያች ቅጽበት ረሳው፤ የተጣበቀ መዳብ ቁልፍ አይጠይቅም። ጎራዮ ማርሽ ውስጥ ነው፣ ድንጋዩ ከኋላ ነው፣ ከፊት ምንም የለም።

ገመዱን ከአንገቱ ፈታ። የባትሪውን ራስ ሲያስነካው ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ጎራዮ ጮኸና ወደ ፊት ሄደ።

ብዙ አልሄደም። የአንድ ክንድ ያህል ቢሆን ነው። ሂርሲ ገመዱን መልሶ ሲነጥቀው ዳሐቦ ጋቢናው ውስጥ ከወንበሩ ወድቃ ነበር። ሂርሲ ወደ ዛፉ ዞሮ «ካሂን!» ብሎ ተጣራ፤ ሊስቅ፣ «አህያህ ሄደች» ሊለው። ከዛፉ ሥር የተነሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። አራተኛው አልተነሳም። ቀዩን ኩታ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ዳሐቦ ናት ቀድማ ወርዳ ጎንበስ ብላ ያየችው። አልጮኸችም። እጇን የፊት ጎማው ላይ አድርጋ እንደተጎነበሰች ቀረች።

መንገዱ ዳር ቀበሩት፤ የእኛ ሰው ሬሳ አያሳድርም። ድንጋይ ደርድረው ሲጨርሱ ሐጂ ዲሪዬ እጃቸውን አራግፈው ውሃውን አዩ። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ኣሮ-መዶ ሕፃናት አሉ። ሂርሲ መዶሻውን ከመሬት አንስቶ ራሱ ከሥር ገባና ሞተሪኖውን መታ። ማርሹን አወጣ፣ ገመዱን አሰረ። በሩን ሦስት ጊዜ መታ። ከሥር ማንም አልነበረም። ጎራዮም እንደ ሰላማዊ መኪና በአንዴ ተነሳ። በዚያ ምሽት የካሂን እናት ከዚያ ውሃ ጠጥታ ነው መርዶውን የሰማችው።

የሁለቱ ጎሳ ሽማግሌዎች በሳምንቱ ኣሮ-መዶ ትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በዋዜማው ሐጂ ዲሪዬ ሂርሲን ከቤት ጠርተው ብቻውን ወሰዱት።

«አንኳኩተሃል» አሉት።

«አዴር፣ እኔ...»

«ስማኝ። እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ ሰምቼሃለሁ። አርቢዎቹም ሰምተዋል። አንኳኩተሃል።»

«አላንኳኳሁም አዴር። ቁልፍ አልነበረም፣ ገመድ ነበር...»

«ይህን ነገ ብትል» አሉ ሐጂው ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «መቶ ግመል ይጠይቁናል። በዚህ ድርቅ መቶ ግመል አለን? ያሉትን ነድተው ይወስዷቸዋል። ከዚያ የወንድሞችህ ልጆች የሚጠጡት ወተት የለም። አንድ ሰው ሞቷል፤ አላህ ይማረው፣ ወርቅ ልጅ ነበር። ስንቱን ልትጨምርበት ነው?»

«ለእናቱስ?» አለ ሂርሲ። ከደሙ ካሳ ድርሻው የእናትየው ነበር። ሌላ የሚጦራት የለም።

«እናቱን እኛ እናያታለን» አሉ ሐጂው። ብዙ ነገር «እናያለን» ተብሎ ቀርቷል።

በማግስቱ የካሂን ጎሳ ሽማግሌ፣ ዓይነ ደካማ ሰውዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ብዙ ማውራት አላስፈለገውም። «ልጄ ሂርሲ፣ የሚስትህ ወንድም ነው፤ ጠልተኸው እንዳልሆነ እናውቃለን። ንገረን። አንኳኩተሃል?»

ሂርሲ መሬቱን አየ። ሐጂው ሳል አሉ። ከኋላ የወንድሞቹ ልጆች የእንጨት ወተት መያዣቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ እንዲያያቸው ብሎ ማን እንዳቆማቸው አይታወቅም።

«አንኳኩቻለሁ» አለ።

ሐጂ ዲሪዬ መሰከሩ፣ አርቢዎቹ መሰከሩ። ሽማግሌው «አላህ የጻፈው ነው» ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ፋቲሃ ተቀራ። በዛፉ ሥር ሴት አይጠራም፤ ዳሐቦን ምን ሰማሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ሰዎቹ ሂርሲን እያቀፉ አጽናኑት። ከሁሉም የከበደው የሟች አጎት ደረቱ ላይ አስጠግቶት «አንተም ወንድም ነው የቀበርከው» ሲለው ነበር።

ማታ ቤት ሲገባ ዳሐቦ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ አገኛት።

«ምን አልካቸው?» አለችው።

«አንኳኩቻለሁ አልኳቸው።»

«እኔ ጋቢናው ውስጥ ነበርኩ» አለች። «ጭንቅላቴ በሩ ላይ ነበር። ምንም አልሰማሁም።»

አልሰደበችውም፣ ጓዟን ጠቅልላ አልሄደችም፣ ለጎሳዋም አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ የወለዱትን ልጅ ካሂን አለችው። እናቷን አምጥታ እስክትሞት እዚሁ ቤት ጦረቻት፤ አሮጊቷም ሂርሲን «ልጄ» እያለች ሞተች። ደይር የሚባለው የጥቅምት ዝናብ መጣ፣ ግመሎቹ ተረፉ፣ ትክክለኛው ሞተሪኖም ከጅቡቲ መጣ። ለምን ቶሎ አልመጣም ያለ ሰው የለም። ሂርሲ ጎራዮን ጥቂት ዓመት ነዳው፤ ሞተሩ ተሸጦ ጎሳው አካሉን ለመጣል ሲመክር «ለእኔ ስጡኝ» አለ። ብረቱን ሊሸጠው ነው ብለው ሰጡት። አልሸጠውም። ግቢው ውስጥ አስቀምጦ ጠዋት ጠዋት በሩን ይመታ ጀመር። ጎንበስ ብሎ ማየት በሾፌሮች ሕግ ውስጥ የለም፤ እሱን የጨመረው ራሱ ነው።

የሰፈሩ ልጆች ይስቃሉ እንጂ የቤቱን ደፍ ተሻግረው አያውቁምና ከዚያ የሚመጣውን አይሰሙም። ሂርሲ ሦስቴ መትቶ «ተነሱ!» ካለና ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ጥቂት ይቆማል። ይጠብቃል። ዳሐቦ ከውስጥ፣ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ከእሳት እያወረደች፣ ፊቷን ሳታዞር ትመልስለታለች።

«አሁን ሰማሁ» ትላለች።

ከዚያ ይገባና ሻዩን ይጠጣል።